የሚዛን ተፈሪ አካባቢ የአየር ጥራትና ወቅቶች

የሚዛን ተፈሪ አካባቢ የአየር ጥራት በዋናነት የሚወሰነው በከተማዋ ዙሪያ ባለው ወጣ ገባ መልክዓ ምድር፣ በረጅሙ የዝናብ ወቅት እና ለማብሰያ በሚነደው እንጨት ነው። እንደ ትልልቅ ከተሞች የፋብሪካና የመኪና ጭስ ዋናው ጉዳይ አይደለም። አካባቢው በጥቅጥቅ ደንና በቡና ስለሚታወቅ አየሩ ንጹሕ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይህ ለደጁ አየር በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል እውነት ነው። ሆኖም ዝናቡ የደጁን አየር አጥቦ በሚያጸዳባቸው ወራት፣ እሳቱም ማገዶውም ወደ ቤት ስለሚገባ በቤት ውስጥ የሚተነፈሰው አየር ይብሳል። ስለዚህ የሚዛን አየር መቼ ጥሩ መቼ መጥፎ እንደሆነ ለመናገር የት ቆሞ እንደሚተነፈስ ማወቅ ያስፈልጋል።

አቀማመጥ

ሚዛን ተፈሪ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአጠገቧ ካለችው ከአማን ጋር በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆነች ሚዛን አማን ተብላም ትጠራለች። በ7° ሰሜን ኬክሮስና በ35°35′ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,451 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ በቀጥታ መስመር 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በቦንጋ በኩል ዞሮ የሚመጣው መንገድ ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 34,080 ነዋሪዎች ነበሯት። ክልሉ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከቦንጋ፣ ከተርጫና ከቴፒ ጋር የክልሉ ማዕከል ከሆኑት አራት ከተሞች አንዷ ናት።

ከተማዋ የተቀመጠችው የኢትዮጵያ ደጋ ወደ ምዕራቡ ቆላ መውረድ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ በኮረብቶችና በጅረቶች መካከል ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሲኬድ መሬቱ ይነሣል። ቦንጋ በ1,700 ሜትር፣ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ማሻ ደግሞ በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ይወርዳል፤ ቴፒ 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ጋምቤላ ከተማ ስትደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። የከተማዋን አካባቢ የሚያጥበው የጋጨብ ተፋሰስ ብቻውን ከ1,000 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ውሃው በባሮና አኮቦ ሥርዓት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል።

አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት ቴፒና ማሻ በአንድ ዞን ውስጥ ሆነው የ7 ዲግሪ ያህል ልዩነት አላቸው ማለት ነው። በቴፒ በሸሚዝ የወጣ መንገደኛ ማሻ ሲደርስ ጋቢ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ልዩነት የሰውን ልብስ ብቻ አይወስንም፤ ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ በር መቼ እንደሚዘጋ፣ እሳት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነድም ይወስናል።

ዝናብና ነፋስ

ከዝናብ አንጻር ደቡብ ምዕራቡ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የተለየ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። በሚዛን፣ በቴፒና በማሻ አካባቢ ግን ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር ይዘልቃል። በልግና ክረምት እዚህ አንድ ላይ ተያይዘው አንድ ረጅም ወቅት ይሆናሉ። የዓመቱ ዝናብ በአብዛኛው ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ በማሻ ዙሪያ ያለው ደጋ ከአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ቦታዎች ይቆጠራል።

ምክንያቱ ነፋሱና ተራራው ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ የሁለቱ ንፍቀ ክበብ ነፋሶች የሚገናኙበት መቀነት አብሯት ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ እርጥበት ያዘለው ነፋስም ከደቡብ ምዕራብ ተከትሎ ይገባል። ይህ ነፋስ ከቆላው ተነሥቶ ከደጋው ገደል ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። መቀነቱ መጀመሪያ የሚያልፈውና መጨረሻ የሚለቀው ይህን የአገሪቱን ጥግ በመሆኑ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ያይላል።

ዝናብ ለአየር ጥራት ዋናው አጽጂ ነው። ጠብታዎች ሲወርዱ በመንገዳቸው ያገኙትን ብናኝ ይዘው ይወርዳሉ፤ ደመና ራሱም በጥቃቅን ብናኞች ዙሪያ ነው የሚፈጠረው። ከጥሩ ዝናብ በኋላ ከሚዛን ሆኖ ሲታይ የሩቁ ጋራ ቅርብ የሚመስለው ዓይን በጭስና በአቧራ መካከል ማለፍ ስለማያስፈልገው ነው። ዝናቡ ስምንት ወር ያህል ስለሚቆይ የደጁ አየር ስምንት ወር ያህል በየጊዜው ይታጠባል ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ይህን ያህል ረጅም እጥበት የላትም።

የሸለቆ ሌሊት

የበጋው ወቅት ግን ሌላ ነው። ሰማይ ጥርት ብሎ በሚያድርበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ወደ ላይ ይለቃል። ከመሬቱ ጋር የተነካካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ እንደ ውሃ የጋራውን ጥግ ይዞ ወደ ታች ይፈስሳል፣ በረባዳውም ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ ከወትሮው በተቃራኒ ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛ፣ ከበላዩ ያለው ሞቃት ይሆናል። የሙቀት መገልበጥ፣ በሳይንሱ አጠራር ኢንቨርዥን፣ የሚባለው ይህ ነው። ሞቃቱ ንብርብር እንደ ድስት ክዳን ስለሚያገለግል ከታች የተነሣ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ መበተን አይችልም። ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደ ጎን እየተዘረጋ ይቆማል።

በበጋ ማለዳ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ሰፈር ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያገኘዋል፦ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ እስከ አንድ ከፍታ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከዚያ በላይ በማይታይ ጣሪያ እንደተገታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ከታች ይፈርሳል፣ ነፋሱም አቅጣጫውን ቀይሮ ሽቅብ ይነፍሳል። የቀኑ ከባድ አየር እንግዲህ ከማምሻው የራት እሳት ጀምሮ እስከ ረፋዱ ድረስ ያለው ነው፤ ቁርስ የሚበስለውም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም በዚሁ ሰዓት ነው።

ይህ የሸለቆ ጠባይ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ሜክሲኮ ሲቲና ካትማንዱ በተራሮች በተከበበ ሜዳ ላይ በመሆናቸው በደረቁ ወቅት ጭሳቸው አይወጣላቸውም። ተራራ የሌላት ለንደን እንኳ በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. በእንዲህ ዓይነት ክዳን ሥር ለቀናት ታፍና፣ በድንጋይ ከሰል ጭስ ብዙ ሺህ ሰዎች ሞተዋል። የሚዛን ሁኔታ ከእነዚህ ጋር በመጠን አይወዳደርም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሸለቆዎቿም ወደ ቆላው ክፍት ናቸው። አሠራሩ ግን አንድ ነው፣ ከተማዋም እያደገች ነው።

ጉምን ከጭስ መለየትም እዚህ ቦታ ላይ ይጠቅማል። በዚሁ በቀዘቀዘ የሸለቆ አየር ውስጥ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ጉም ይሆናል። ጉም በራሱ ሳንባን አይጎዳም። ከጭስ ጋር ሲቀላቀል ግን ጠብታዎቹ የጭሱን ብናኝ ይዘው መሬት አጠገብ ስለሚቆዩ፣ ነጭ የሚመስለው ማለዳ ከጠራው ማለዳ ይልቅ የቆሸሸ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው አፍንጫ ነው፦ ጉም አይሸትም።

የበጋ እሳቶች

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት የቆላው ሣር ይደርቃል። በጋምቤላ ሜዳ፣ በአኮቦ ዳርቻ፣ በኦሞ ቆላና ከድንበር ማዶ በደቡብ ሱዳን ሣሩ በየዓመቱ ይቃጠላል። ከብት አርቢው አዲስ ሣር እንዲያበቅልለት፣ አዳኙ እንስሳውን ለማየት፣ አራሹ መሬቱን ለማጽዳት እሳት ይለቃል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው የአፍሪካ የሣር ምድር ሁሉ በእነዚህ ወራት ስለሚነድ በሳተላይት ሥዕል ላይ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ ጠርዝ የተዘረጋ የእሳት ቀበቶ ይታያል። በወቅቱ የሚያይለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ አብዛኛውን ጭስ ከኢትዮጵያ ያርቀዋል። ነፋሱ ወደ ምዕራብ በዞረበት ቀን ግን ጭሱ ወደ ደጋው ጠርዝ ይመለሳል፤ ሰማዩም ደመና ሳይኖር ይደበዝዛል፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ትቀላለች።

ቅርብ ያለው እሳት ምንጣሮ ነው። ደን ወይም ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ደርቆ፣ ከመጋቢቱ ዝናብ በፊት ይቃጠላል። አመዱ ለአንድ ሁለት ዓመት አፈሩን ያዳብራል። በቴፒ ዙሪያ የሚኖሩት ማጃንግ በዚህ ዓይነት ተዘዋዋሪ እርሻ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል፤ መሬቱ ሰፊ፣ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ደኑ ተመልሶ ለመብቀል ጊዜ ነበረው። አሁን የሚነደው በአብዛኛው ተመልሶ ደን እንዲሆን ያልታሰበ ቦታ ነው። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የሸካ በ2012፣ የማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው የተመዘገቡት ይህ ግፊት እየበረታ ባለበት ዘመን ነው።

ሌላው የበጋ ጭስ ቀን የተቆረጠለት ነው። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰው የግቢውን ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ልማዱ የሚያያዘው በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አገር ውስጥ ገብቶ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀበት የኅዳር በሽታ ጋር ነው። ዓላማው በሽታን በጭስ ማባረር ነበር። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠልና ጥራጊ ነበር፣ ዛሬ ግን ላስቲክና የፕላስቲክ ጠርሙስ አብሮ ይነዳል። ዕለቱም የሚውለው ዝናቡ ባበቃበት፣ የሌሊቱ ክዳን በሚጀምርበት ሰሞን ስለሆነ ጭሱ እስከ ማግስቱ ሰፈር ውስጥ ማደሩ አይቀርም።

የጥርጊያ መንገድ አቧራም የበጋ ነው። ሆኖም የመንገድ አቧራ በአብዛኛው ትልቅ ቅንጣት ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የጭስ ብናኝ ግን ፒ.ኤም. 2.5 የሚባለው፣ ከማይክሮሜትር 2.5 ያነሰ፣ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሃያ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ ነው። እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል፣ ከፊሉም ወደ ደም ይሻገራል።

ክረምትና የቤት ውስጥ ጭስ

በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በእርሻ ተረፈ ምርት ነው። በደቡብ ምዕራቡ ማገዶ ማለት በዋናነት እንጨት ነው፣ በእግር መንገድም ይገኛል። ችግሩ መድረቁ ላይ ነው። ስምንት ወር በሚዘንብበት አገር የደረቀ እንጨት በሐምሌ ማግኘት ቀላል አይደለም። እርጥብ እንጨት ሲነድ የእሳቱ ኃይል ከፊሉ ውሃውን ለማትነን ይውላል። ነበልባሉ ይቀዘቅዛል፣ ነዶ ሊያልቅ የሚገባው ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ድስት ጎደሬ ብዙ እንጨት ይነዳል፣ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይወጣል።

በበጋ ምድጃው ደጅ ወይም በረንዳ ሥር ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ሲበረታ ግን ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሩም ለብርዱ ሲባል ይዘጋል። የጭስ ማውጫ በሌለው ቤት ጭሱ የሚወጣው በክዳኑ ሣር ወይም በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ነው። የሣር ክዳን ጭስ እያጣራ ያሳልፍ ነበር፣ ለክዳኑም ከነቀዝ መከላከያ ነበር። ቆርቆሮ ይህን አያደርግም። ቤቱ በዝናብ አንጻር የተሻለ ሆኖ በጭስ አንጻር የባሰበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ፒ.ኤም. 2.5 በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም፣ በአንድ ቀን አማካይ ከ15 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይመረጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጨት የሚነድበት ዝግ ማድቤት ውስጥ በማብሰያ ሰዓት የሚለካው ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ነው። ይኸው ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን፣ የማያቋርጥ ሳል ያለባት እናት፣ ዓይኗ የሚያለቅስ አያት ብዙውን ጊዜ የዚህ ጭስ ተጎጂዎች ናቸው። ሸክሙ እኩል አይከፋፈልም፦ እሳት አጠገብ የምትውለው ሴቲቱ ናት፣ ሕፃኑም ጀርባዋ ላይ ነው።

ከሰል ስለማይጨስ ንጹሕ ይመስላል። ብናኙ በእርግጥ ያንሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። በብርድ ሌሊት ከሰል ያለበት ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ሰው ይገድላል።

ጭስ እንደ ሙያ

በደቡብ ምዕራቡ ጭስ ሁሉ ብክለት ተብሎ አይታሰብም፣ ሙያም ነውና። ፀሐይ በማይታመንበት አገር ምድጃ ማድረቂያ ነው። ጥምዝ የሚባለው ረጅሙ የጫካ ቁንዶ በርበሬ ከእሳት በላይ ተሰቅሎ ስለሚደርቅ የጭስ መዓዛ አለው፤ ገበያም ላይ የሚታወቀው በዚሁ መዓዛው ነው። ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ማር የሚቆርጠው ሰው ንቡን የሚያበርደው በጭስ ነው። በቦንጋ አቅራቢያ ያለው የውሽውሽ ሻይ ልማት ቅጠሉን ለማድረቅ ከራሱ የባሕር ዛፍ ተክል የሚገኝ እንጨት ያነዳል።

ቡና ግን በአብዛኛው በፀሐይ ይደርቃል። በቴፒና ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በበቃ ያሉት ትልልቅ የቡና እርሻዎች፣ እንዲሁም የየገበሬው ጓሮ፣ ለቀማው የሚውልባቸው ወራት የዝናቡ ማብቂያና የበጋው መጀመሪያ ላይ መሆናቸው ለዚህ ይረዳል። በአየሩ ላይ የሚያመጣው ሽታ ነው፦ እሸት ቡና በሚፈለፈልበት ጣቢያ የተከመረው ልጣጭ ሲቦካ ከሩቅ ይሰማል። የጀንፈሉ ገለባ ደግሞ ክምር ሆኖ ሲቃጠል ነበልባል ሳያወጣ ለቀናት ይጤሳል። ብስባሽ ቢደረግ አፈሩን ይጠቅም ነበር።

የመለካት ችግር

በኢትዮጵያ በስፋት የታወቁት የፒ.ኤም. 2.5 መለኪያዎች በአዲስ አበባ ያሉ ናቸው፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እስከ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. መረጃ በይፋ ያወጣ ነበር። አዲስ አበባ በእንጦጦ ሥር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች፣ መኪና የበዛባት ከተማ ናትና ከእርሷ ተነሥቶ ስለ ሚዛን መናገር አያስኬድም።

ሳተላይት ሩቅ ቦታን ያያል፣ ነገር ግን በደቡብ ምዕራቡ ሁለት እንቅፋት አለበት። የብናኝ መጠንን የሚገምተው በአየር ውስጥ የሚበተነውን ብርሃን አይቶ ስለሆነ ደመና ሲኖር አያይም፤ እዚህ ደግሞ ደመናው ለወራት አይገለጥም። ስለዚህ መረጃው ያለው በብዛት ለበጋ ነው። ሁለተኛው፣ ጣሪያ አልፎ አያይም። በሳተላይት ካርታ ላይ አረንጓዴና ንጹሕ ሆኖ የሚታይ ቀበሌ ውስጥ እያንዳንዱ ማድቤት በጭስ የተሞላ ሊሆን ይችላል።

አሁን በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ መለኪያዎች በሌዘር ጨረር ብናኝ ይቆጥራሉ። እነዚህም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የአየሩ እርጥበት ወደ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወጣ ብናኙ ውሃ እየጠጣ ይፋፋል፤ በጉም ጊዜ ደግሞ መሣሪያው የውሃ ጠብታን እንደ ጭስ ይቆጥራል። በሚዛን ማለዳ ላይ ሳይታረም የተወሰደ ንባብ ከእውነተኛው በጣም ሊበልጥ ይችላል። መሣሪያውን ከእርጥበት መለኪያ ጋር አጣምሮ ማስተካከያ ስሌት መሥራት ከባድ ሥራ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተውና በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ 350 ሜትር በሚያህል የከፍታ ልዩነት ላይ ሁለት መለኪያ ለመትከል የሚመች አቀማመጥ አለው።

ምድጃዎች

በአገሪቱ የተስፋፋው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ምርጥ ይባላል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል ድንጋይ ደቃቅ በቅርጽ ይሠራል፣ እሳቱን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚሆን ማገዶ ይቆጥባል። ለከሰል ላቀች የሚባለው አለ። ማገዶ መቀነሱ ጭስንም ይቀንሳል፣ ግን ጭስ ማውጫ ከሌለው የቀረው ጭስ አሁንም ቤት ውስጥ ነው። በተጨማሪ ምርጥ የተሠራው ለእንጀራ ምጣድ ነው። የቤንችና የሸካ ገበታ ቆጮ፣ ጎደሬና በቆሎ የሚበዛበት በመሆኑ ቀኑን ሙሉ የሚነደው የድስት እሳት እንጂ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ የሚነደው የምጣድ እሳት አይደለም።

ርካሹ መፍትሔ ምድጃም አይደለም፣ እንጨት ነው። በየካቲት ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተደርድሮ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት በሆነ ጣሪያ ሥር የከረመ እንጨት በሐምሌ ያለ ብዙ ጭስ ይነዳል።